ፍሪሲዮኑ ሲቀር ትምህርቱ ወዴት ይሄዳል?
የማንዋል ማርሽ ከአነስተኛ አውቶሞቢሎች መጥፋትና የአሽከርካሪ ሥልጠናችን

እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ያጠለቀው ምሩጽ ይፍጠር በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው «ማርሽ ቀያሪው» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ይህን ስም ለመረዳት ማብራሪያ የሚጠይቅ አልነበረም። በመኪና የተጓዘ ሰው ሁሉ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ካምቢዮውን ሲያንቀሳቅስ የሞተሩ ድምፅ ለአፍታ ዝቅ እንደሚል፣ ከዚያም መኪናው አዲስ ጉልበት አግኝቶ ወደፊት እንደሚወረወር ያውቅ ነበር። የመጨረሻው ዙር ሲቃረብ አትሌቱ ያደርገው የነበረውም ይህንኑ ነው። ዛሬ በኤሌክትሪክ መኪና የኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚያድግ ሕፃን ግን ይህን ድምፅ ሳይሰማ ለአቅመ አዳም ሊደርስ ይችላል። ቅጽል ስሙም ለእርሱ ማብራሪያ የሚያሻው ይሆናል።

በእጅ የሚቀየር ማርሽ፣ በተለምዶ አጠራሩ ማንዋል፣ ከአዳዲስ አነስተኛ አውቶሞቢሎች እየጠፋ መሆኑ አከራካሪ አይደለም። አከራካሪው ነገር መጥፋቱን እንዴት እንቀበለው የሚለው ነው። አንዳንዶች «እውነተኛ ሾፌር ማንዋል የሚነዳ ነው» በማለት ይቆጫሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ከአሮጌ ልማድ ተገላገልን» ብለው ጉዳዩን ይዘጉታል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነጥብ ስተዋል። የፍሪሲዮን ፔዳል መቅረት ትክክለኛና በአብዛኛው የማይቀር ለውጥ ነው። ሆኖም ያ ፔዳል ማንም ሳያቅድለት በሞተር፣ በፍጥነትና በቁልቁለት መካከል ያለውን ዝምድና ለአሽከርካሪው ሁሉ ሲያስተምር የኖረ ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ትምህርቱን ሆን ብሎ የሚረከብ ካልተገኘ፣ እንደ እኛ ባለ የተራራና የሸለቆ አገር ጉዳቱ የሚለካው በሰው ሕይወት ነው።

ማንዋል ለምን ተሸነፈ?

አውቶማቲክ ካምቢዮ አዲስ ግኝት አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ «ሃይድራማቲክ» የተባለውን ሥርዓት በኦልድስሞቢል መኪኖች ላይ ገጥሞ ለገበያ ያቀረበው ለ1940 ሞዴል ነበር። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ማንዋል በአነስተኛ መኪኖች ላይ ጸንቶ የቆየው በቂ ምክንያት ስለነበረው ነው። የቀድሞው አውቶማቲክ የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው በዘይት ግፊት በመሆኑ ከጉልበቱ ከፊሉ በሙቀት መልክ ይባክን ነበር። ባለ ትልቅ ሞተር መኪና ይህን ብክነት መቋቋም ሲችል፣ አንድ ሊትር ገደማ ሞተር ያላት ትንሽ መኪና ግን አትችልም። በዚያ ላይ ማንዋል ርካሽና ቀላል ነው፤ ሲበላሽም በመጠነኛ መሣሪያ ይጠገናል። የዘርፉ የመጨረሻ ምሽግ ትንሿ መኪና የሆነችው በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

ምሽጉ የፈረሰው በሦስት ደረጃዎች ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ካምቢዮው እንዳለ ሆኖ የቀረው የሾፌሩ እግር ነው። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ የቀረበችው የማሩቲ ሱዙኪ ሴሌሪዮ ለዚህ ጥሩ አብነት ናት። በእርሷ ላይ የተገጠመው ካምቢዮ የተለመደው ማንዋል ሲሆን፣ ፍሪሲዮኑን የሚጫነውና ማርሹን የሚቀይረው ግን በኮምፒዩተር የሚታዘዝ መሣሪያ ነው። ዋጋው ከሌላው አውቶማቲክ ስለሚረክስ በመንገድ መጨናነቅ የተማረረውን የሕንድ ከተሜ ብዙ ተጨማሪ ወጪ ሳያስከትል ከፍሪሲዮን ገላግሎታል። በሁለተኛው ደረጃ ጥርስ ያላቸው ማርሾች በቀበቶና በሾጣጣ ፑሊዎች ተተኩ። የሆላንዱ ዳፍ ኩባንያ ይህን ሐሳብ በትንሽ መኪና ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1958 ነበር፤ ዘመኑ የደረሰለት ግን የጃፓን አምራቾች በኮምፒዩተር ቁጥጥር አሻሽለው በአነስተኛ መኪኖቻቸው ላይ በስፋት ሲገጥሙት ነው። በሦስተኛው ደረጃ ማርሽ የሚባለው ነገር ራሱ ቀረ። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ የመጠምዘዝ ኃይል ስለሚሰጥና ዙሩ በደቂቃ ከ10,000 በላይ ሊደርስ ስለሚችል፣ አንድ የማይቀየር ማርሽ ብቻ ይበቃዋል።

ውጤቱን በቁጥር ለማየት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መዝገብ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1980 በዚያች አገር ከተመረቱት አዳዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች አንድ ሦስተኛ ገደማ ማንዋል ነበሩ፤ በቅርብ ዓመታት ድርሻቸው ከመቶ አንድ ገደማ ደርሷል። ማንዋልን እንደ መለያ ይዘው የቆዩ ታናናሽ መኪኖችም ሳይቀሩ እጅ ሰጥተዋል። ቮልስዋገን ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ከጎልፍ ጂቲአይ ላይ አንሥቶታል፤ አዲሱ የሚኒ ኩፐር ትውልድም ያለ ማንዋል መጥቷል።

ከዚህ ለውጥ በስተጀርባ ያለው የገዢ ፍላጎት ብቻ አይደለም። ኮምፒዩተር የሚቀይረው ማርሽ የልቀትና የነዳጅ ፍጆታ ፈተናን ለማለፍ በሚያመች ሁኔታ ሊስተካከል ይችላል፤ የሰው እግር ግን አይስተካከልም። አምራቹ ለጥቂት ገዢዎች ሲል ሌላ የካምቢዮ ዓይነት ማስፈተሽና ማስመዝገብ አይዋጣለትም። በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ራሱ እየቆመና እየተነሣ ከፊቱ ያለውን መኪና የሚከተል ሥርዓትም ፍሪሲዮን የሚረግጥ ሰው ካለበት በተሟላ ሁኔታ አይሠራም። እነዚህ ምክንያቶች ሲደመሩ ማንዋል ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ለውጡ በአገራችን

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ቮልስ፣ ፊያት ሰይቼንቶና ላዳ የነገሡበት ዘመን የማንዋል ዘመን ነበር። የአሽከርካሪው የሥራ ቋንቋ ራሱ ከዚህ መሣሪያ የተቀዳ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽና ፎሌ ከጣልያንኛ መጥተው አማርኛ የሆኑት በሾፌሮችና በመካኒኮች አንደበት ነው። በኋላ ያገለገሉ የጃፓን ሥሪት አነስተኛ መኪኖች በብዛት ሲገቡ አውቶማቲክ የተራው ነዋሪ መኪና ሆነ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ በመጣሉ ገዢው ወደ አዳዲስ ሞዴሎች ፊቱን እንዲያዞር ገፋፋው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ አደረገ። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ፍሪሲዮን ስለሌለው፣ ይህ ውሳኔ ስለ ካምቢዮ አንድም ቃል ሳይናገር የማንዋልን ጉዳይ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ዘግቶታል ማለት ይቻላል። ሌሎች አገሮች በአርባ ዓመት የተጓዙትን መንገድ እኛ በጥቂት ዓመታት እያቋረጥነው ነው።

ይሁን እንጂ የለውጡ ፍጥነት በሁሉም ተሽከርካሪ ላይ እኩል አይደለም። ሚኒባስ ታክሲው፣ አይሱዙውና ከባድ የጭነት መኪናው በአብዛኛው ዛሬም ማንዋል ናቸው። ባጃጅ እንኳ የፍሪሲዮን መያዣ አለው። ስለዚህ በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት ዓይነት አሽከርካሪዎች እየተፈጠሩ ነው። መኪናውን ለራሱ የሚነዳው ፍሪሲዮን አያውቅም፤ በመንዳት እንጀራ የሚበላው ግን ያለ ፍሪሲዮን ሥራ አያገኝም። ከቤተሰቡ አውቶማቲክ መኪና ውጭ ነድቶ የማያውቅ ወጣት ነገ በሹፌርነት ልደር ቢል፣ መንጃ ፈቃድ መያዙ ብቻ የሚኒባስ መሪ አያስጨብጠውም። ይህ የሥራ ዕድል ጥያቄ በመሆኑ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ፍሪሲዮን ምን ያስተምር ነበር?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መንዳት በተማረበት ጊዜ ከልምምዱ ሰዓት አብዛኛው ያለፈው ዳገት ላይ ቆሞ መነሣትን በመሞከር ነበር። የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ፍሪሲዮኑ ቀስ እያለ ተለቆ፣ የሞተሩ ድምፅ ሲጎረና መኪናው አፍንጫዋን ቀና ስታደርግ ፍሬኑ ይለቀቃል። በዚያ ቅጽበት ተማሪው የሞተር ጉልበትና የመኪና ክብደት ሲገናኙ በእግሩ ይሰማዋል። አንድም ቀመር ሳይጻፍለት የመጠምዘዝ ኃይልን ትርጉም ይረዳል።

የአዲስ አበባ ከፍታ ይህን ትምህርት የበለጠ ያጠናክረው ነበር። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር በባሕር ወለል ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ወደ እንጦጦ የሚወጣ የላዳ ሾፌር ይህን ከመጽሐፍ አላነበበውም፤ ሦስተኛ ማርሽ አልወጣ ሲለው ግን ወደ ሁለተኛ እየመለሰ አውቆታል። ከሁሉም የሚበልጠው ትምህርት ደግሞ የቁልቁለቱ ነበር፤ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው። ዝቅተኛ ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ ፍሬኑም ለሚያስፈልግበት ሰዓት ቀዝቅዞ ይጠብቃል።

የዓባይ ሸለቆ ስሌት

ይህ የቁልቁለት ትምህርት ምን ያህል ክብደት እንዳለው በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚጓዝ ነው። ከነተሳፋሪዎቹ 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን አነስተኛ አውቶሞቢል እንውሰድ። ይህ መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 13.7 ሚሊዮን ጁል፣ ማለትም 3.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቁልቁለቱን በግማሽ ሰዓት ቢወርደው፣ በእያንዳንዱ ቅጽበት በአማካይ 7.6 ኪሎዋት መወገድ አለበት። ይህም ሁለት የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣዶች ለግማሽ ሰዓት ሳያቋርጡ ከሚሰጡት ሙቀት ጋር የሚመጣጠን ነው። በጎማና በአየር ተቃውሞ የሚቀነሰው ከተቀነሰ በኋላም ከግማሽ የሚበልጠው ይቀራል።

ይህን ሙቀት ማን ይሸከመዋል? መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ ከወረደ ብዙውን ሞተሩ ይሸከመዋል። ካምቢዮው «ዲ» ላይ እንዳለ እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ በሚወርድ አሽከርካሪ እጅ ከሆነ ግን፣ ሸክሙ የሚያርፈው በፍሬን ሸራዎችና በዲስኮቹ ላይ ነው። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል፤ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ባዶ ይረገጣል። በአብዛኞቹ አውቶማቲክ መኪኖች ላይ ለዚሁ ሲባል «ኤል»፣ «2» ወይም «ቢ» የሚል ቦታ ተቀምጧል። መኪናውን ለዓመታት የነዱ ሰዎች የእነዚህን ፊደላት ትርጉም ቢጠየቁ ስንቶቹ ይመልሳሉ? የማንዋል ሾፌር ዝቅተኛውን ማርሽ ሳይነካ አንድ ቀን እንኳ መዋል አይችልም፤ የአውቶማቲክ ሾፌር ግን ዕድሜውን ሙሉ ሳይነካው ሊኖር ይችላል። ልዩነቱ ይህ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የኤሌክትሪክ መኪና ይህን ችግር ራሱ ይፈታዋል የሚል ነው። ክርክሩ ብዙ እውነት አለው። የኤሌክትሪክ ሞተር ቁልቁለት ላይ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን ከመያዙም በላይ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። በዚህ ረገድ ከማንኛውም ማንዋል ይበልጣል። ነገር ግን መቶ በመቶ የተሞላ ባትሪ ተጨማሪ ኃይል የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ከቁልቁለቱ ራስ ባለ ከተማ አድሮ ባትሪውን ሞልቶ የሚነሣ አሽከርካሪ፣ መኪናው ከወትሮው ባነሰ ጉልበት ሲይዝለት ምክንያቱን ማወቅ አለበት። በብዙ ሞዴሎች ላይ የመያዙን መጠን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውም አሽከርካሪው ነው። እንግዲህ ዕውቀቱ መልኩን ለወጠ እንጂ አስፈላጊነቱ አልቀረም። በተጨማሪም እስከ ዛሬ የገቡት ነዳጅ በል አውቶማቲኮች ገና ለብዙ ዓመታት በመንገዶቻችን ላይ ይቆያሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ማንዋል የሚነዱትም ቢሆኑ ጠንቃቆች አልነበሩም የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል ቁልቁለትን በፎሌ መውረድ የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ አደገኛ ከመሆኑም ሌላ በዘመናዊ ሞተር ላይ የታሰበውን ቁጠባ እንኳ አያስገኝም። መኪናው በማርሽ ሲወርድና ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ኮምፒዩተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፤ በፎሌ ሲወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። ይህ እውነታ የጽሑፉን መከራከሪያ ያጠናክረዋል። ፍሪሲዮን ዕድሉን ሰጠ እንጂ በራሱ አስተዋይ ሾፌር አልወለደም። በልማድ የተገኘ ዕውቀት ከነስሕተቱ ይወረሳል፤ ስለዚህም በሥርዓት መሰጠት ይኖርበታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ወጪን ይመለከታል። ሁሉንም ሰልጣኝ በሁለቱም የካምቢዮ ዓይነት ማሠልጠን ውድ ነው ይባላል። ትክክል ነው፤ ሁሉንም ማሠልጠንም አያስፈልግም። በዚህ ረገድ የሌሎች አገሮች ልምድ ይጠቅማል። በብሪታኒያ በአውቶማቲክ ተፈትኖ ያለፈ ሰው ማንዋል መንዳት አይፈቀድለትም፤ መንዳት ከፈለገ እንደገና መፈተን አለበት። ጀርመን ግን እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ መካከለኛ መንገድ ከፍታለች። ሰልጣኙ ዋናውን ፈተና በአውቶማቲክ ይወስዳል፤ ቢያንስ 10 ክፍለ ጊዜ በማንዋል ተለማምዶ በማሠልጠኛው ውስጥ አጭር ምዘና ካለፈ ሁለቱንም እንዲነዳ ይፈቀድለታል። ይህ አሠራር የፈለገ ሰው ክህሎቱን በመጠነኛ ወጪ እንዲጨምር ያስችላል።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተባለው በመነሣት አራት ሐሳቦችን ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፣ በየትኛውም ዓይነት መኪና የሚሠለጥን ሰው የቁልቁለት አነዳድን በተግባር መማርና መፈተን ይኖርበታል። ዝቅተኛውን ማርሽ ወይም ኃይል መልሶ የሚሰበስበውን ፍሬን መቼና እንዴት እንደሚጠቀም በእውነተኛ ቁልቁለት ላይ ማሳየት አለበት። ተራራ የከበባቸው ከተሞቻችን ለዚህ የሚሆን መለማመጃ አያጡም።

ሁለተኛ፣ በመንዳት መተዳደር ለሚፈልጉ ወጣቶች የጀርመኑን የመሰለ አጭር ተጨማሪ የማንዋል ሥልጠና ቢዘጋጅ፣ ከላይ የተጠቀሰው የሁለት ዓይነት አሽከርካሪዎች ልዩነት የሥራ ዕድል መዝጊያ እንዳይሆን ይረዳል።

ሦስተኛ፣ የጥገና ባለሙያዎች ሥልጠና ከመኪናው ጋር እኩል መራመድ አለበት። የፍሪሲዮን ሸራ መቀየር በየሰፈሩ ጋራዥ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ባለ ቀበቶውን ካምቢዮ ግን የማይስማማው ዘይት ብቻ ሊያበላሸው ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪና ከፍተኛ ቮልቴጅም ያልሠለጠነን እጅ አይምርም። የቀድሞው መካኒክ ዕውቀት ዋጋ አጥቶ ከሚቀር በቴክኒክና ሙያ ተቋማት በኩል የሚሸጋገርበት መንገድ ሊቀየስ ይገባል።

አራተኛው ሐሳብ የሚመለከተው የዚህን መጽሔት አንባቢዎች ነው። ከላይ የቀረበው ስሌት በወረቀት ላይ የተሠራ ነው። በዓባይ ሸለቆ ወይም በጣርማ በር ቁልቁለት ላይ በተለያየ የባትሪ ሙሌት የሚወርድ የኤሌክትሪክ መኪና የፍሬን ሙቀት ምን ያህል ይደርሳል? በአውቶማቲክ ብቻ የሠለጠኑ አሽከርካሪዎች ቁልቁለትን የሚወርዱት እንዴት ነው? አጭር ማብራሪያ ቢሰጣቸውስ አነዳዳቸው ይለወጣል? እነዚህ በአንድ መኪና፣ በጥቂት የሙቀት መለኪያዎችና በአንድ የትምህርት ዘመን ሊመለሱ የሚችሉ ጥያቄዎች ናቸው። ለማስተርስ ጥናት ከዚህ የተሻለ መጠንና ከዚህ የቀረበ ፋይዳ ያለው ርእስ ማግኘት ቀላል አይሆንም። መኪኖቹ ወርደው ሳያልቁ፣ ማንዋል ያሠለጠናቸው አሽከርካሪዎችም ልምዳቸውን ይዘው ጡረታ ሳይወጡ ጥናቱ ሊጀመር ይገባል።